ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማ ዝናብ ላይ ለምን ከዳኝ? (የድሮ ቮልስ፣ 165 በ15)

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን ክር (የውይይት ገጽ) የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ 23 ደርሷል፣ መሃል ላይም ጭቅጭቅና ሌላ ወሬ ስለተቀላቀለበት አዲስ የሚገባ ሰው ይደናገራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማን ምን እንዳለ በራሴ ቃል ላስቀምጠው ነው፣ የዘለልኩት ካለ አርሙኝ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ይሄ ነበር። የ1967 ቮልስ ቢትል አለችኝ፣ በዓመት ቢበዛ 2,000 ኪሎ ሜትር ብነዳት ነው። ጎማዎቿ 165 በ15 (ስፋታቸው 165 ሚሊ ሜትር፣ ቸርኬያቸው 15 ኢንች) ራዲያል፣ ማለትም የአሁኑ የተለመደ አሠራር ናቸው፣ ጥርሳቸውን ላየው ሰው አዲስ ነው የሚመስሉት፣ ለክቼውም 7 ሚሊ ሜትር ነው፣ አዲስ ጎማ 8 ገደማ ስለሆነ ገና ምንም አልተበላም ማለት ነው። አንድ ቀን ዝናቡ ገና ሲጀምር፣ አስፓልቱ ረጠብ ብሎ ማብረቅረቅ ሲጀምር፣ ከ40 በማይበልጥ ፍጥነት ኩርባ ገባሁ። መሪውን አዞርኩት፣ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። ደንግጬ ፍሬን ረገጥኩ፣ የፊት ጎማዎቹ መሽከርከር አቆሙ፣ መሪው እጄ ላይ ቅልል አለ፣ ምንም ነገር ጋር ያልተያያዘ ይመስላል። የመንገዱ ጠርዝ ጋ ልደርስ ስል ፍሬኑን ለቀቅኩት፣ ያኔ ጎማው መልሶ ያዘና ተመለስኩ። ማንም አልተጎዳም፣ ግን ልጄ ጎኔ ተቀምጣ ነበር፣ ያን ለሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እና የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው፣ ጥርሱ እንዲህ ሙሉ ሆኖ ለምን ያንሸራትታል፣ ደግሞ ሰፋ ያለ ጎማ፣ 195 ምናምን፣ ባስገባ ይሻለኝ ይሆን?

1ኛው መላሽ በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ እንኳን ተረፋችሁ ብሎ ጀመረና ሌላ ምንም ሳይል የጎማው ዕድሜ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። እንደማላውቅ ገብቶታል መሰለኝ እዛው አስረዳኝ። የጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አለ፣ የመጨረሻዎቹ 4 ቁጥሮች የተሠራበት ቀን ናቸው፣ የፊተኞቹ 2 ሳምንቱን የኋለኞቹ 2 ዓመቱን ይነግሩሃል፣ ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው አለኝ።

2ኛው ግን ዕድሜውን ተወው አለ። ነገሩ ቀላል ነው፣ ሰፊ ጎማ ብዙ መሬት ይይዛል፣ 195 አስገባና ተገላገል፣ እኔ አድርጌው ልዩነቱን አይቻለሁ የሚል ነበር መልሱ።

እዚህ ጋ ነው 3ኛው የገባበት፣ ሲገባም ኮስተር ብሎ ነው። ሰው ልጁን ይዞ ሊገለበጥ ነበር፣ እንዲህ ዓይነት ምክር አይሰጥም አለ። ከዛ ግን ያስረዳው ነገር ለእኔ አዲስ ነበር። ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ስፋቱ በአብዛኛው የሚወሰነው በመኪናው ክብደትና በጎማው አየር ነው፣ ጎማውን ስታሰፋው ያው ቦታ ቅርጹ ይለወጣል እንጂ ብዙም አይጨምርም፣ ረዥምና ጠባብ የነበረው አጭርና ሰፊ ይሆናል። ውሃ ላይ ደግሞ ጠባቡ ነው የሚሻለው፣ ምክንያቱም ከፊቱ የሚገፋው ውሃ ያነሰ ነው፣ እንደ ቢላ ሰንጥቆ ይገባል፣ ሰፊው ግን ያን ሁሉ ውሃ ወደ ጎን ማውጣት አለበት። ቢትል ደግሞ ፊቷ ቀላል ነው፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ፣ ያን ቀላል ክብደት ሰፊ ጎማ ላይ ስትበትነው ውሃውን የሚጫነው ኃይል ያንሳል። በዛ ላይ ቸርኬው 4 ወይም 4.5 ኢንች ነው፣ 195 እዛ ላይ ጎኑ አብጦ ይቀመጣል እንጂ በልኩ አይሆንም፣ መሪ ሲዞር ፓራፋንጎ ይነካል፣ መሪውም ይከብዳል።

4ኛው ያው 2ኛው ራሱ ነው፣ ተከፍቶ ተመለሰ። እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት፣ ደረቅ መንገድ ላይ መኪናዬ ከበፊቱ በተሻለ ይዛ ነው የምትዞረው፣ ውሸታም አልባልም አለ። 3ኛውም ትንሽ ለዘብ ብሎ ደረቅ ላይ ልክ ልትሆን ትችላለህ፣ ጥያቄው ግን ስለ እርጥብ ነው ብሎ ተወው። እኔ እንደማየው ሁለቱም አልዋሹም፣ ግን 3ኛው ባይገባ ኖሮ 195 ገዝቼ ነበር።

5 የእኔ መልስ ነው። ቁጥሩን ከውጪ በኩል ብፈልግ የለም፣ ለካ በውስጥ በኩል ነው የተገጠመው፣ መሬት ላይ ተኝቼ በእጅ ባትሪ አየሁት። 0911 ይላል። የ2011 ዘጠነኛ ሳምንት። አራቱም አንድ ናቸው። ከዛ እዛው ተኝቼ ጥፍሬን ጥርሱ ላይ ተጫንኩት፣ ምንም አይገባም፣ ጠረጴዛ እንደ መጫን ነው። በየቀኑ የምነዳው መኪናዬ ጎማ ላይ ሞከርኩት፣ ጥፍሬ ትንሽ ገባ ብሎ ምልክት ትቶ ቀስ እያለ ተመለሰ። ሌላው ደግሞ በባትሪው ብርሃን ነው የታየኝ፣ በጥርሶቹ መሃል ቦዩ ውስጥ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ዙሪያውን ሞልተዋል፣ ቆሜ ስመለከት አንድም ቀን አይቼያቸው አላውቅም።

6ኛውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን በመኪና ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው፣ ሲጽፉም ረጋ ብለው ነው። ልጄ መልሱን ራስህ አገኘኸው አሉኝ። ላስቲክ እርጥብ መንገድ የሚይዘው ለስላሳ ስለሆነ ነው፣ አስፓልት ውስጥ ያለው ጠጠር በዓይን የማይታይ ሸካራነት አለው፣ ጎማው ቀጭኑን ውሃ በስቶ እዛ ሸካራ ውስጥ መግባት አለበት፣ ላስቲኩ ከደረቀ ግን ጫፍ ጫፉን እየነካ ያልፋል እንጂ አይገባም። ጥርሱ ሥራው ብዙ ውሃ ሲኖር ውሃውን ማስወጣት ነው፣ መያዙ ግን የላስቲኩ ነው፣ አንተ ጥርስህ ደህና ነው፣ ላስቲክህ ነው የሞተው። ቆሞ የሚውል መኪና ጎማው የበለጠ ይጎዳል ያሉት ደግሞ ብዙዎቻችንን አስገርሞናል። ላስቲኩ ውስጥ ከኦዞን የሚከላከል ሰም ነገር አለ፣ ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ነው ወደ ላይ ወጥቶ የሚሸፍነው፣ ካልተነዳ ግን እዛው ውስጥ ይቀራል፣ ላዩ ይሰነጣጠቃል። ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ አስፈትሸው፣ 10 ከሞላው ግን ምንም ቢመስል አውጣው ብለው ጨረሱ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን አትርሱ፣ ከክሩ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው።

7ኛው አልተዋጠለትም። የእሱ 15 ዓመት ሆኖታል፣ አንድ ቀን ተንሸራቶበት አያውቅም፣ ይሄ ሁሉ ጎማ ለመሸጥ የመጣ ወሬ ነው ባይ ነው። 8ኛው ወዲያው ተነሳበት፣ ቃሉም ጠንከር ያለ ነበር፣ ዝናብ ላይ የምርህን ፍሬን ይዘህ ታውቃለህ ወይ፣ ካልያዝክ ጎማህ ይያዝ አይያዝ በምን አወቅክ፣ የምታውቀው ሰው ፊትህ ሲገባ ነው አለው። 7ኛው መለሰ፣ 8ኛው መለሰ፣ እነዚያን ሁለት ሦስት መስመሮች አልደግማቸውም፣ ስድብ ነበረባቸው። 9ኛው ነው ያስታረቃቸው፣ እሱም በሥራ ነው። ሰው የሌለበት ሜዳ የሆነ አስፓልት ፈልጉ፣ ዝናብ ሲያረጥበው በ40 እየነዳችሁ አንድ ምልክት ላይ ፍሬን ያዙ፣ የቆማችሁበትን ለኩ፣ ከዛ አዲስ ጎማ ባለው ተመሳሳይ መኪና ድገሙት፣ መጨቃጨቁ ያልቃል አለ። 7ኛው እሞክራለሁ ብሎ ጠፋ። መጨረሻውን እመጣበታለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ምርጫው የገባነው። 10ኛው የጻፈው አጭር ነው ግን የገዛሁትን ጎማ ያስመረጠኝ እሱ ነው። ጎማ ስንገዛ ሁላችንም ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነው የምንፈልገው፣ ብዙ የሚሄድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ላስቲክ ነው። በዓመት 2,000 ብቻ የምትነዳ መኪና ግን ጥርሱን ሳትጨርሰው በፊት ጎማው በዕድሜ ይሞትብሃል፣ ስለዚህ የማትጠቀምበትን ዕድሜ ለመግዛት ብለህ ዝናብ ላይ የሚያስፈልግህን አያያዝ ለምን ትሸጣለህ? ትሬድዌር የሚለው ቁጥር (ጎማው ቶሎ አለመበላቱን የሚያሳየው) ትልቅ የሆነውን አትፈልግ፣ ለስላሳውን ውሰድ። እኔ ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር፣ አሁን ሳስበው ደግሞ የድሮ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

11ኛው የአውሮፓ የጎማ ደረጃ መለያ ያለውን፣ በእርጥብ አያያዝ ኤ የተሰጠውን ፈልግ፣ ሌላ ምንም አትመልከት አለ። 12ኛው አረመው፣ በትህትና ነው ያረመው። ያ መለያ ከ1990 ኦክቶበር 1 በፊት ለተመዘገቡ መኪኖች ብቻ ተብለው የሚሠሩ ጎማዎችን አይመለከትም፣ ስለዚህ ብዙ የክላሲክ ጎማ መለያ የለውም፣ የለውም ማለት ግን መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የአሜሪካው ደረጃ ከተጻፈበት ትራክሽን የሚለውን እይ፣ ከላይ ወደ ታች ኤኤ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው፣ እሱም ቢሆን የሚለካው እርጥብ ላይ በቀጥታ መስመር ፍሬን ሲያዝ እንጂ ኩርባ ላይ አይደለም። ከዛ ስሞች ጠቀሰ፣ በእኛ ልክ በ165 በ15 ሚሽሊን ኤክስዜድኤክስ አለ፣ ቭሬደስታይን ስፕሪንት ክላሲክ አለ፣ ሁለቱም መልካቸው የድሮ መኪና ላይ ያምራል። ድሮ የተሠራ ሳይሸጥ የቀረ ጎማ ግን አዲስ ነው ቢሉህ እንዳትነካው፣ መጋዘን ውስጥም ያረጃል አለ።

13ኛው የፔጆ 504 ባለቤት ነው። የእሱ ታሪክ ከእኔ ጋር ስለሚመሳሰል ሳነበው ሆዴን ነው የበላኝ። ልኩ 175 በ14 ነው፣ ሲያጣ 185 በ14 መጨረሻው ላይ ሲ የሚል ጎማ ገዛ፣ ጠንካራ ነው ዕድሜ ልክህን ትነዳበታለህ ተብሎ። ሲ የሚለው የጭነት መኪና ጎማ ነው፣ ጎኑ ወፍራም፣ ላስቲኩ ጠንካራ፣ ከባድ ዕቃ ሲጫንበት ነው መሬቱን በደንብ የሚተኛበት። ባዶ የቤት መኪና ላይ ግን አይተኛም፣ ይነጥራል። ዝናብ ላይ የትራፊክ መብራት ጋ ሊቆም ሲል ተንሸራቶ ከፊቱ የነበረውን መኪና ገጨ፣ ጎማው 2 ወር አልሞላውም ነበር። 14ኛው ግን እንዳትሳሳቱ ብሎ ጨመረ፣ የቮልስ ትራንስፖርተር ሚኒባስ ካላችሁ ሲ ጎማ ግዴታ ነው፣ ክብደቱን ተራ የቤት መኪና ጎማ አይችለውም፣ እሱ ላይ ለስላሳ ብላችሁ ተራ ጎማ እንዳታስገቡ አለ። ጥሩ እርማት ነው።

15ኛው ሒሳብ ይዞ መጣ። ናሳ በፈረንጆቹ 1963 ያወጣው ቀመር አለ፣ የጎማህን አየር በፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ስኩዌር ሩቱን አውጣና በ16.7 አባዛው፣ የሚመጣው በኪሎ ሜትር በሰዓት ጎማህ ውሃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት ነው። 36 ቢሆን 100፣ 25 ቢሆን 83፣ 16 ቢሆን 67 ገደማ። ቢትል ከፊት በመመሪያው 16 ወይም 18 ነው የሚሞላላት፣ ስለዚህ አንተ በ67 ትንሳፈፋለህ፣ አየሩን ከፍ አድርገው አለኝ። በጣም ደነገጥኩ፣ እውነቱን ለመናገር ወዲያው 30 ልሞላ ተነስቼ ነበር። 16ኛው ደረሰልኝ። ቀመሩ ልክ ነው ግን የወጣው ከአውሮፕላን ጎማ ነው፣ ደግሞ ውሃው ከጥርሱ ጥልቀት በላይ ሲሆን ነው፣ ጥርስ ያለው ጠባብ ጎማ ከዛ በላይ ይታገሳል። እሱ በ40 ነው የተንሸራተተው፣ በረጠበ አስፓልት ላይ፣ ኩሬ ላይ አይደለም፣ ያ መንሳፈፍ አይደለም፣ የላስቲክ መድረቅ ነው፣ ጋሼ 6 ላይ ያሉትን አንብብ። የቢትልን ፊት ከልክ በላይ ብትነፋው መሃሉ ብቻ መሬት ይነካል፣ ፊቷም ቀላል ስለሆነ ትነጥራለች፣ ይብስበታል። በመመሪያው ያለውን ሙላ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሆኖ ለካ፣ በቃ። 15ኛው ስለ አውሮፕላኑ አላውቅም ነበር ብሎ አመሰገነ፣ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ሰው እንዲህ ሲቀበል።

17ኛው ከርዕስ ወጣ፣ ስለ ካርቡሬተር ጠየቀ፣ ሁለት ሰዎች ሌላ ክር ክፈት ብለውት ሄደ። 18 ላይ ነው ትልቁ ጭቅጭቅ የተነሳው። ሁለት ጎማ ብቻ መግዛት ቢችል የት ያድርግ የሚል ነገር አነሳ፣ መልሱንም ራሱ መለሰ፣ የተንሸራተተው ፊት ስለሆነ አዲሱ ፊት ይሁን። 19ኛው ይሄን ሲያነብ ንዴቱ ከጽሑፉ ይታያል። ሰው ልትገድል ነው ወይ አለው። ፊቱ ሲንሸራተት መሪው ይነግርሃል፣ ነዳጅና ፍሬን ስትለቅ ይመለሳል፣ እሱም እንደዛ ነው የተረፈው። ኋላው ቀድሞ ከተንሸራተተ ግን፣ ሞተሩ ያለው እዛ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ክብደት ዞሮ ነው የሚመጣው፣ ሳታስብ መኪናዋ ወደ መጣችበት ዞራለች። የተሻለው ጎማ ሁልጊዜ ኋላ ነው፣ ሞተሩ የሚያዞረው የፊቱን ጎማም ይሁን የኋላውን። በአንድ አክስል ላይ ሁለት ዓይነት ጎማ አይሆንም፣ ራዲያልና ባያስ የሚባለውን የድሮ አሠራር ጎማ ማደባለቅማ ጭራሽ አይታሰብም አለ። 18ኛው ድምፁ ጠፋ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፣ ነገሩ ግን ትክክል ነው፣ እኔ ለማንኛውም አራቱንም ለመቀየር ወስኜ ነበር።

20ኛው ጎሚስታ ነው፣ የእሱን ምክር በተግባር አይቼዋለሁ። የድሮ ቸርኬ የጎማውን ከንፈር የሚይዝ ጉብታ በዙሪያው ከሌለው ካላማዳሪያ (ጎማው ውስጥ የሚገባ የአየር ላስቲክ) ያስፈልገዋል፣ ኩርባ ላይ አየሩ ካነሰ ጎማው ከቸርኬው እንዳይወጣ። ካላማዳሪያው ለራዲያል የተሠራና በልኩ የሆነ ይሁን፣ ትልቅ ከሆነ ይታጠፋል፣ የታጠፈው እየተፋተገ ይበሳል። ከመግባቱ በፊት ጎማው ውስጥ በእጅህ ዳብስ፣ የተለጠፈ ወረቀት ካለ ላጠው፣ ያቺ ወረቀት ካላማዳሪያውን እየፈገፈገች ትበሳዋለች አለ። የእኔን ሲገጥሙ ቆሜ ዳበስኩ፣ ከአራቱ ሁለቱ ውስጥ ወረቀት ነበር።

21 እኔ ነኝ፣ ስፕሪንት ክላሲክ ገዛሁ፣ የመረጥኩበት ዋና ምክንያት ቀኑ ነው፣ ከተሠራ 4 ወሩ ነበር። ልኩን አልቀየርኩም፣ ያው 165። የመጀመሪያዎቹን 200 ገደማ ኪሎ ሜትር ረጋ ብለህ ንዳ፣ አዲስ ጎማ ከፋብሪካው ላዩ ላይ የሚያንሸራትት ነገር አለው ብለውኝ ስለነበር ጠበቅኩ። ከዛ ዝናብ ሲጥል ያቺው ኩርባ ጋ ሄድኩ፣ ብቻዬን፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ መጀመሪያ በ25፣ ከዛ በ30፣ ከዛ በ40። መሪውን ሳዞር ክብደቱ እጄ ላይ ቀረ፣ ዞረች። ተመልሼ ሦስቴ ዞርኩባት።

22ኛው 7ኛው ነው፣ ቃሉን ጠብቆ ተመለሰ። በሁለት አንድ ዓይነት መኪና እርጥብ ላይ በ40 ሞክሮ የእሱ ባለ 15 ዓመት ጎማ ከጓደኛው አንድ መኪና ሙሉ ርዝመት አልፎ ነው የቆመው። 8ኛውን ይቅርታ ጠየቀው፣ 8ኛውም ስለ ስድቡ እሱን ይቅርታ ጠየቀ፣ 7ኛው ጎማውንም አውጥቷል።

መጨረሻ ላይ ጋሼ በ23 ተመልሰው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፣ ተጠባባቂውን ጎማስ አየኸው? አላየሁትም ነበር። ቢትል ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ ተጠባባቂው የፊት ኮፈን ስር ነው፣ የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የሚገፋውም በእሱ አየር ነው፣ ቫልቩ ላይ ቀጭን ቱቦ ተሰክቶበታል። ማጠቢያው እስከሠራ ድረስ ጎማው ደህና ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ቱቦውን ነቅዬ ጎማውን አወጣሁት፣ ጎኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ቁጥሩን ፈለግኩ። ቁጥሩ 4 አይደለም፣ 3 ነው፣ 348፣ ከጎኑ ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለች። ጋሼን ጠየቅኳቸው፣ 3 ቁጥር ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፣ ማዕዘኗን አንዳንድ አምራቾች ለ1990ዎቹ ነው የሚያደርጓት አሉኝ። የ1998 ሠላሳ አራተኛ ሳምንት። ነገ አምስተኛውን ላዝዝ ነው፣ ያው 165 በ15፣ ቀኑን ፎቶ አንሥተው ካልላኩልኝ ግን አልከፍልም።